የአማት ቁም ሣጥን በሃምሳ ስድስት ዲግሪ

በፓሌት ፋብሪካው ግቢ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የሠራተኛ መዝገብ የሚይዘው ሰውዬ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «ሃምሳ ስድስት» ይላታል። ታናናሾቿ «እትዬ ሃምሳ ስድስት» ሲሏት፣ ፎርክሊፍት ነጂው ደግሞ ነገር ሲፈልግ «ሃምሳ ስድስቴ» እያለ ያቆላምጣታል። ለእንግዳ ሰው ዕድሜዋ ይመስለዋል። «ኧረ እኔ ገና አርባ ስምንቴ ነው!» እያለች ስንቱን መልሳለች።

ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው። ዕቃ ተጭኖበት ባሕር የሚሻገር የእንጨት ፓሌት ሁሉ አስቀድሞ መሞቅ አለበት። እንጨት በሆዱ ትል፣ እንቁላልና ጥንዚዛ ይዞ ይሄዳል፤ የደረሰበትን አገር ደን ይፈጃል። ስለዚህ አገሮች ተስማምተው ሕግ አወጡ፦ የእንጨቱ ገላ ሳይሆን እምብርቱ ሃምሳ ስድስት ዲግሪ ይድረስ፤ ከደረሰ በኋላም ሳይወርድ ሠላሳ ደቂቃ ይቆይ። ይህን ያለፈ ፓሌት የስንዴ ዛላ ምልክት ያለበት ማህተም በጋለ ብረት ይመታበታል። ማህተም የሌለው ወደብ ላይ ይቀራል፤ የተሸከመው ዕቃም አብሮት።

ሕጉ ይኸው ነው። የሚከብድ ነገር የለበትም። እሷን ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንገበገባት ይህንኑ ቀላል ነገር ለአዋቂ ሰው ማስረዳት ነው። የከባድ መኪና ሾፌሮች «እንጨቱ ምን ሆኖ ነው ያስተኛችሁት? ታሞ ነው?» ይላሉ፤ እያንዳንዱም ቀልዱን የፈጠረው እሱ ይመስለዋል። ዕቃ ላኪዎች ይደውሉና «እባክሽ እህቴ፣ ሞቅ ሞቅ አድርጊልንና ላኪው» ይሏታል። ይቺን «ሞቅ ሞቅ» የምትባል ቃል ስትሰማ ጨጓራዋ ይላጣል። «የትናንት ሻይ ነው እንዴ ሞቅ ሞቅ የማደርገው?» ትላለች ስልኩን ከዘጋች በኋላ። ደግሞ መብራቱ አለ። ሃያ ስድስት ደቂቃ ጠብቃ አራት ሲቀራት ድርግም ይላል፤ ሙቀቱ ይወርዳል፤ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን አለቃው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲቸኩል ነው የተወለደው። ሠራተኞቹ «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰምበሌጥ» ከሚለው ተረት ቆርጠው «ሰምበሌጥ» ብለውታል፤ በሌለበት ነው ታዲያ። በቀን አሥር ጊዜ ወደ ማሞቂያው ክፍል እየሮጠ ይመጣና በሩ ላይ ያለችውን ትንሽ መስተዋት በእጅጌው ጠርጎ ወደ ውስጥ ያያል፤ እንጨት ሲበስል መልኩ የሚለወጥ ይመስል።

«ደረሰ?»

«አልደረሰም።»

«ምን ያህል ቀረው?»

«የሚቀረውን ያህል።»

እሷ ለመጠበቅ የተፈጠረች ናት። ከዚህ በፊት አሥራ አራት ዓመት የሠራችው ጫጩት ማስፈልፈያ ውስጥ ነበር። እዚያ ሕጉ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ተኩል ነው፤ ግማሽ ዲግሪ ሲዛባ ስንት ሺህ እንቁላል ይበላሻል። ድርጅቱ ሲዘጋ፣ የፓሌቱ ፋብሪካ ቴርሞሜትር ፊት ቁጭ ብሎ የማይሰለች ሰው ይፈልግ ነበርና ወሰዳት። «ድሮ ነፍስ በሙቀት እዘራ ነበር፣ አሁን ነፍስ በሙቀት አጠፋለሁ» ትላለች፤ እየሳቀችም እየተማረረችም።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ በገዛ ቤቷ ነቀዝ የገባባት።

ነገሩ የጀመረው አማቷ ወደ እነሱ ቤት ሲዛወሩ ነው። አማቷ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸውን ከተጎዱ በኋላ ልጃቸው፣ ማለት የሃምሳ ስድስት ባል፣ «ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም» ብሎ አመጣቸው። ይዘው የመጡት ሁለት ሻንጣ፣ አንድ በርጩማና አንድ ቁም ሣጥን ነው። ቁም ሣጥኑ ሁለት ሰው ያስተኛል። አናጢው ባላቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለሠርጋቸው የሠራላቸው ነው፤ በላዩ ላይ የወይን ሐረግ ተቀርጾበታል። በበሩ አልገባ ብሎ የበሩን መቃን ነቅለው ነው ያስገቡት። አማቷ የልጅ ልጃቸውን መኝታ ክፍል ተጋሩ፤ ቁም ሣጥኑ ደግሞ የመስኮቱን ግማሽ ከልሎ ቆመ።

በሦስተኛው ሳምንት ሃምሳ ስድስት ክፍሉን ስትጠርግ ከቁም ሣጥኑ እግር ሥር እንደ ዱቄት የላመ፣ ነጣ ያለ ነገር አየች። በጣቷ አንስታ ፈተገችው።

«እማማ፣ ይህ ዱቄት ምንድን ነው?»

«አቧራ ነዋ» አሉ አማቷ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ክር እያጠነጠኑ። «ቤትሽ አቧራ ይበዛዋል።»

«አቧራ አይደለም። ነቀዝ ነው። ቁም ሣጥንዎን ከውስጥ እየበላው ነው።»

«ነቀዝ ጠላቴን ይብላው! ባሌ በእጁ የሠራውን ነቀዝ አይደፍረውም።»

እሷ ግን ሥራዋ ነው። ተንበርክካ እንጨቱን መረመረችው። በሁሉም ጎን የስፒል ራስ የሚያክል ቀዳዳ መኖር ነበረበት፤ እሷ ያገኘችው ግን ሦስት ብቻ ነው። ገረማት። ይህን ሁሉ ዱቄት ሦስት ቀዳዳ አያወጣውም።

ወሩ ሲሞቅ ጥንዚዛዎቹ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። የሩዝ ፍሬ የማያክሉ ቡናማ ነገሮች ናቸው። መስኮቱ ደፍ ላይ አራት አገኘች። አንዱ የልጇ የሒሳብ ደብተር ላይ ይሄድ ነበር። ቀጥሎ የሚሆነውን ታውቀዋለች፤ አልጋው ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ጣሪያው ማገር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ድምፅ የለም። ከዚያ በኋላ ቤቱ ዱቄት ነው።

«እማማ፣ አንድ ቀን ብቻ ወደ ሥራ ቦታዬ ልውሰደው። አሙቄ፣ ገድዬ፣ እመልሰዋለሁ።»

«ቁም ሣጥኔን ልታቃጥይው?»

«ማቃጠል አይደለም፤ ሃምሳ ስድስት ዲግሪ ነው።»

«ሰው በአርባ ዲግሪ ትኩሳት ይሞታል፤ አንቺ ሃምሳ ስድስት ትይኛለሽ! አይሆንም። እኔ ከሞትኩ በኋላ እንደፈለግሽ አድርጊው። እስከዚያ ማንም አይነካውም።»

ባሏን ያዘችው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ጸባዩ ለስላሳ፣ ለሁሉም መንገድ የሚለቅ። በቤት ውስጥ ነገር ሲመጣ ግን ፍሬን መያዝ እንጂ መሪ መጠምዘዝ አያውቅም።

«እስቲ እናትህን አነጋግራት!»

«ትክክል ነሽ» አላት።

«ታዲያ ንገራት።»

«እሷም ግን ከእሷ አንጻር ስታይው…»

«ኤጭ! ከእሷ አንጻር ስታየው ነቀዙ ይጠፋል?»

ወደ ሌላኛው ክፍል ሄደ። ከዚያ እናቱ «ሚስትህ ዕቃዬ ላይ ተነሣችብኝ» ሲሉትና እሱ «ትክክል ነሽ እናቴ» ሲል በግድግዳው በኩል ሰማች። በዚያች ሰዓት የሚሆናትን አጣች። በዓለም ወደብ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የእሷን ማህተም አምኖ ዕቃ ያወርዳል፤ በራሷ ቤት ግን ቃሏ ከአንድ ጥንዚዛ አነሰ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይሏት ይሆናል፤ ደግሞም እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ሰረቀችው።

አማቷ ለዓይናቸው ምርመራ ቀጠሮ ነበራቸው፤ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ የልጅ ልጃቸው ይዛቸው ሄደች። ወረፋው ረጅም ስለሆነ እስከ ቀትር በኋላ እንደማይመለሱ ታውቋል። ሃምሳ ስድስት ባሏን «ዛሬ ትክክል ነሽ ማለት የለም፤ ተሸከም» አለችው። ጓደኛው ትንሽ የጭነት መኪና አዋሰው። መቃኑን ዳግመኛ ነቅለው፣ ልብሱን አልጋ ላይ ከምረው፣ ቁም ሣጥኑን አወጡት። ባሏ ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ ነበር። «እናቴ ታውቅብኛለች» ይላል በየመንገድ መብራቱ ላይ፤ «ዓይኔን ስታይ ታውቅብኛለች።»

«እሷ ዛሬ ዓይን ሐኪም ዘንድ ናት። ንዳ።»

ግቢው ሲደርሱ አለቃው በስልክ እየጮኸ ወዲያና ወዲህ ይላል። የጣሪያ ሸክላ ወደ ውጭ የሚልክ ደንበኛ መቶ ሃያ ፓሌት አዝዟል፤ መኪናው ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል። ሳምንቱን ሙሉ ስለዘነበ ጣውላው እርጥብ ነው፤ እርጥብ እንጨት ደግሞ እንደ ደነዝ ተማሪ ነው፤ ሙቀት ቶሎ አይገባውም።

«አንዲት የቤት ዕቃ አለችኝ፤ ጥግ ላይ ላስገባት?» አለችው።

«አስገቢ፣ አስገቢ! ብቻ ቶሎ በይ!» አለ፤ ያያትም አይመስልም።

ፎርክሊፍት ነጂው ቁም ሣጥኑን ከኋላ ግድግዳው አጠገብ አቆመው። እሷ አራቱን የሙቀት መለኪያ ሽቦዎች በክፍሉ አራት ማዕዘን ባሉ ወፋፍራም ጣውላዎች እምብርት ውስጥ ሰካች፤ በሩን ዘጋች፤ ማሞቂያውንና ማራገቢያዎቹን አስነሣች። ከዚያ የለመደችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር በእሷ መንገድ እየሄደ ነው።

ሦስቱ ሽቦዎች አምስት ሰዓት ላይ ሃምሳ ስድስትን አለፉ። አራተኛው አርባ ስድስት ላይ ነበር። አርባ ሰባት። «እርጥበቱ ነው» አለች ለራሷ። አርባ ስምንት። አራተኛው ሽቦ ከኋላ፣ ቁም ሣጥኑ በከለለው ጣውላ ውስጥ እንደሆነ ልቧ ያውቃል፤ እጇ ግን አልተነሣም። ይህን ያደረገው ሌላ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ማሞቂያውን አስጠፍታ፣ ጭነቱን አስወርዳ፣ የሰውየውን ሰባት ትውልድ ትጠራለት ነበር።

ይህን እያሰበች ሳለ የግቢው በር ተከፍቶ የዕፅዋት ጤና ተቆጣጣሪው ገባ።

ተቆጣጣሪው ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ሳይነግር ይመጣል፤ ሲመጣም ሁልጊዜ በእሷ ደስ ብሎት ይሄዳል። «የእርስዎ መዝገብ እንደ መጽሐፍ ይነበባል» ብሏት ያውቃል። አሁንም ፈገግ ብሎ ሰላምታ ሰጣትና ወደ መለኪያዎቹ ዞረ። ፈገግታው ቀስ በቀስ ጠፋ።

«አራተኛው ምን ሆኖ ነው?»

«እንጨቱ… ዝናብ መትቶታል።»

«አራቱንም አይደል የመታው?»

መዝገቧን ከፍታ ገጽ መግለጥ ጀመረች። ያዳናት ወይም የቀበራት፣ ሁለቱም ልክ ነው፣ ፎርክሊፍት ነጂው ነው። አጠገባቸው ቆሞ ፍሬ እየገመጠ ነበር።

«ቁም ሣጥኑ ይሆናላ ንፋሱን የከለለው» አለ፣ እንዲሁ ለመርዳት ብሎ።

«የምን ቁም ሣጥን?»

ማሞቂያው ጠፋ፤ በሩ ተከፈተ። ትኩስ እንፋሎት ፊታቸውን መታው። እንፋሎቱ ሲገፈፍ ከኋላ የቆመ ቁም ሣጥን አልነበረም። በሮቹ ፓሌቶቹ ላይ ተጋድመዋል፤ ጀርባው ወደ ግድግዳው ተንሸራትቷል፤ የወይን ሐረግ የተቀረጸበት አክሊል መሬት ላይ በአፍጢሙ ተደፍቷል። አናጢው ያያያዘበት ከቆዳ የተቀቀለ የድሮ ሙጫ በሙቀቱና በእርጥቡ እንፋሎት ቀልጦ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ለቅቆታል። አንድም እንጨት አልተሰበረም፤ አንድም ግን ከሌላው ጋር አልቀረም።

«ይህ ዕቃ ወዴት ነው የሚላከው?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ወደ መኝታ ቤት» አለ ፎርክሊፍት ነጂው።

አለቃው እየሮጠ ደረሰ። ነገሩ ሲገባው ራሱን ያዘ። ቢሆንም ሰምበሌጥ ሰምበሌጥ ነውና ወዲያው መንገድ ፈለገ። «ጌታው፣ ሦስቱ ሽቦ አልፏል። ከአራት ሦስት! በትምህርት ቤት እንኳ ሰባ አምስት ከመቶ ጥሩ ውጤት ነው። ይፈርሙልንና…»

«አይፈርሙም» አለች ሃምሳ ስድስት።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት።

«አራተኛው አልሞቀም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እቃዬን አስገብቼ የንፋሱን መንገድ ዘጋሁ። መቶ ሃያውም እንደገና ይገባል።»

ተቆጣጣሪው ለረጅም ጊዜ ጻፈ። የጻፈውንም አነበበላት፦ ከተፈቀደው የአደራደር ሥርዓት ውጪ ባዕድ ዕቃ ስለተገኘ ጭነቱ ውድቅ ሆኗል፤ ሠራተኛዋም ተገሥጻለች። «ይቅርታ እህቴ» አላት ሲወጣ። የከፋት ተግሣጹ አይደለም፤ ይቅርታው ነው።

የሸክላው መኪና ባዶውን ተመለሰ። አለቃው ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ ለጠፈው፤ በችኮላ ጽፎት ቀኑን እንኳ ተሳስቷል። እሷ ፓሌቶቹን አስወርዳ፣ ደርድራ፣ እንደገና አስገባች። ጣውላ ጣውላ የሆነውን ቁም ሣጥን ባሏ አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ጫነው። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከኋላቸው እንጨቱ ይንቋቋል።

አማቷ ደጃፍ ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ውስጥ የተጨመረው ጠብታ አደብዝዞባቸው ሁሉንም እንደ ጥላ ነው የሚያዩት። ባዶውን ግድግዳ ግን በእጃቸው ዳብሰው አግኝተውታል።

«ያ የሚንቋቋው ምንድን ነው?»

እሷ ከባሏ ቀድማ ከመኪናው ወረደች። «እማማ፣ ቁም ሣጥንዎ ነው። ሳላስፈቅድዎት ወሰድኩት። ሙጫው ቀለጠ፤ ፈረሰ።»

ጩኸት ጠበቀች። እርግማንም ጠበቀች። አማቷ ግን እጃቸውን ዘረጉ። አንዱን በር አንስታ እጃቸው ላይ አደረገችላቸው። መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ከላይ እስከ ታች ሰደዱት። እንጨቱ ላይ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ነገር በቀጫጭን መስመር ፈሷል። እዚያ ላይ እጃቸው ቆመ።

«ሻማዬ ቀለጠ» አሉ በዝግታ።

«የምን ሻማ?»

«ቀዳዳዎቹን የምደፍንበት። ሻማ አቅልጬ ከጫማ ቀለም ጋር እለውሰውና በመርፌ እሞላዋለሁ። አራት ዓመቴ ነው። እዚህ ከመጣሁም ወዲህ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ አንቺ ሥራ ስትሄጂ…» መዳፋቸውን ከበሩ ላይ አነሡ። «ነቀዝ መሆኑን አጥቼው መሰለሽ? የአናጢ ሚስት ነኝ እኮ። ነቀዝ አለበት ካልኩ ትጥሉብኛላችሁ ብዬ ነው። ቤቴን ለቀቅኩ፣ ማድቤቴን ለቀቅኩ። አንድ ዕቃ ይዤ መጣሁ።»

ሃምሳ ስድስት ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ስንት ወር ሙሉ ደሟ ሲፈላ የኖረው ያልገባቸው ሰዎች ላይ ነበር፤ እኚህ ሴት ግን ከማንም በላይ ገብቷቸው ኖሯል። ማልቀስ አማራት፤ ግን ደግሞ አበሳጫት። «ታዲያ ምናለ ይህንኑ ቢነግሩኝ!» አለች፤ ድምፅዋ ሳታስበው ከፍ ብሎ።

«አንቺስ ስትወስጂው ነግረሽኛል?»

ተነሥታ የቀሩትን ጣውላዎች ከመኪናው ማውረድ ጀመረች።

በማግሥቱ አማቷ ገና ከአልጋቸው ሳይወርዱ ትእዛዝ ማውጣት ጀመሩ። ለካስ አርባ ዓመት ሙሉ የባላቸውን ሙጫ የሚያፈሉት፣ መጋጠሚያውን የሚያስተካክሉት እሳቸው ኖረዋል፤ «እሱ ይቆርጣል፣ እኔ አጋባለሁ» አሉ። ልጃቸውን ከቆዳ የተሠራ እንክብል ሙጫ እንዲገዛ ላኩት። ባለሱቁ ሁሉ ነጭ የጠርሙስ ሙጫ ነው የሚሰጠው።

«ነጩ አይሆንም?» አለ ሰባት ሱቅ ዞሮ ተመልሶ።

«ነጩ አንዴ ከያዘ አይለቅም። የሚለቅ ሙጫ ነው ዕቃ የሚያኖረው፤ ሲታመም ፈተህ ታክመዋለህ። ሂድ፣ ፈልግ።»

በመጨረሻ ከአንድ ጊታር ጠጋኝ ዘንድ አገኘ። ከዚያ በኋላ ሁለት እሑድ ሙሉ ቤቱ ሙጫ ሙጫ ሸተተ። አማትና ምራት ወለሉ ላይ ጣውላ አንጥፈው፣ የቀድሞውን ሙጫ በሙቅ ውኃ እያጠቡ፣ ትል የበላውን ውስጥ ለውስጥ እየጠረጉ፣ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። ሃምሳ ስድስት ሙጫው ምን ያህል እንደጋለ በቴርሞሜትር ልትለካ ትፈልጋለች፤ አማቷ ጣታቸውን ይነክራሉ።

«እማማ፣ ይቃጠላሉ!»

«ጣት ካላቃጠለ ሙጫ አይባልም። ያንን የሙቀት ብርጭቆሽን አንሺልኝ።»

«ስልሳ ሁለት ነው፤ ለካሁት።»

«ስልሳ ሁለት ምን እንደሆነ አላውቅም። ደርሷል። አምጪ በሩን! ወዲህ! ወዲያ አይደለም፣ ወዲህ!»

ስታጥብ ከአንዱ እግር ውስጥ የሞተ ትል ወጣ፤ ነጭ፣ ጥምዝ ያለ። ጨርቅ ላይ አድርጋ ለአማቷ አሳየቻቸው። ዓይናቸው ተሽሏቸው ነበር፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩት።

«ይህ ሞቷል» አሉ። «የማናየውስ? መሐል ልቡ ውስጥ ያለው ማለቁን በምን ታውቂያለሽ?»

አሥራ አንድ ዓመት ስንቱ ሰው ስንት ነገር ጠይቋታል፤ ይህንን የጠየቃት አልነበረም። ሥራዋ በሙሉ ይህ ጥያቄ ነው። ሽቦው ለምን እምብርቱ ውስጥ እንደሚሰካ፣ ለምን ከሁሉ ወፍራሙ ጣውላ እንደሚመረጥ፣ ሠላሳው ደቂቃ ለምን እንደማይቆራረጥ ነገረቻቸው። አማቷ አላቋረጧትም። ሲያበቃ ግን፣

«ሳላይ አላምንም» አሉ።

እንዲህ ሆነና አንድ ረቡዕ ጠዋት ምርኩዛቸውን ይዘው ግቢው ድረስ መጡ። እሷ «እባክዎን እማማ፣ የሥራ ቦታ ነው» ብትልም ማን ሰምቷት! ፎርክሊፍት ነጂው ወንበር አመጣላቸው። መለኪያዎቹ ፊት ተቀምጠው፣ ሁለቱን እጆቻቸውን ምርኩዙ ላይ አድርገው፣ አራቱ ቁጥሮች ሲወጡ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ትንፍሽ ሳይሉ አዩ። አለቃው እየሮጠ ደረሰ።

«ደረሰ?»

አማቷ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉት። «እንጨት ሲቸኩሉበት ይሰነጠቃል። ሰውም እንደዚያው።»

ሃምሳ ስድስት ዓይኗን ጨፈነች። ማስጠንቀቂያዋ ገና ከሰሌዳው አልወረደም። አለቃው ግን ግራ ተጋብቶ ዙሪያውን አየ፤ ከዚያ የተገለበጠ ሣጥን ስቦ፣ ምን እንደነካው ሳይታወቅ፣ ተቀመጠ። ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቆየ። በፋብሪካው ታሪክ እንዲህ ተቀምጦ ታይቶ አያውቅም። ሠራተኛው ሁሉ ሥራ እየፈታ በተራ በተራ እየመጣ አየው።

ነገሩ በዚህ ተስተካከለ ማለት አይደለም። አለቃው በነጋታው እንደ ቀድሞው መሮጥ ጀመረ። በማሞቂያው በር ላይ «የቤት ዕቃ ማስገባት በጥብቅ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አስጻፈ፤ ሾፌሮቹም አዲስ ቀልድ አገኙ፤ «እትዬ፣ አልጋዬ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ አታሞቂልኝም?» ይሏታል። ተቆጣጣሪው በሚቀጥለው ጉብኝቱ መዝገቡን ገጽ በገጽ፣ ከበፊቱ እጥፍ ጊዜ ወስዶ መረመረ። አልተቀየመችውም። እሷም ብትሆን ያንኑ ታደርግ ነበር።

ቁም ሣጥኑ ቆሟል። መስኮቱን ግማሽ ይከልላል፤ ዱቄት ግን ከሥሩ አልታየም። ግራው በር ትንሽ ዘመም ብሎ ሌሊቱንም ቀኑንም ራሱን ይከፍታል። አማቷ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ምራቴ ቁም ሣጥኔን ቀቀለችው» እያሉ ያወራሉ፤ የበሩም መዝመም የሙቀቱ ጥፋት ነው ይላሉ። እሷ ደግሞ ጥፋቱ ማጠፊያውን ያለ ልክ የመታው ሰው ነው ትላለች፤ መዶሻውን የያዙት አማቷ እንደነበሩ ሁለቱም ያውቃሉ። ባሏን ሲጠይቁት፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው ይልና ወረቀት አጥፎ በሩ ሥር ይወትፋል።